የታችኛው ማጠፊያ

አስራ አንድ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ፣ ያን ክረምት እናቴን ያስተኛት የመኪና በር ይመስለኝ ነበር።

ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ግን ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ያየሁትንም በዓይኔ አይቻለሁ። በቤታችን ሦስት ትልልቅ ሰዎች ስለ አንድ በር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ነበር። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅስበት ነበር። አባቴ ከሥራ ሲመለስ እራት ሳይቀምስ ወርዶ ይዳብሰው ነበር። አንድ በር ከዚህ በላይ ምን ማድረግ ይችላል?

በሩ የጂፓችን ነው። አባቴ ይርሳው ከናታንያ በስተምሥራቅ ባሉት የብርቱካን እርሻዎች የውሃ መስመር ይጠግን ስለነበር፣ ዝናብ ሲጥል ጭቃውን የሚሻገር መኪና ያስፈልገው ነበር። ጂፑን የሸጠለት ሰው በባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ይጫወትበት የነበረ ነው፤ ትልልቅ ጎማ አስገብቶ፣ ሆዱን ከመሬት አርቆ፣ መወጣጫዎቹን ነቅሎ ጥሏቸዋል። ነቬ ኢታማር ሰፈር ካለው ሕንፃችን ሥር ከጎረቤት መኪኖች መካከል ሲቆም፣ በጎች መሐል የገባ በሬ ይመስል ነበር። እኔን አባቴ በብብቴ አንስቶ ይሰቅለኛል። አያቴን ጥሩብርሃንን እናቴ ከላይ ትስባታለች፤ አባቴ ደግሞ አማቱ ናትና ዓይኑን ወደ ሌላ አዙሮ ከታች ይገፋታል። እናቴ ደመቀች ግን ረጅም ነበረች። እጀታውን ይዛ አንዴ ብድግ ትልና ከላይ ሆና ትስቅብናለች።

ያን ክረምት ሳቁ ቀረ። ሆዷ ገፍቶ ነበር። ስለ ሆድ በቤታችን አይወራም፤ ሕፃን ተወልዶ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ ስሙ አይነሳም። እኔም አየሁ፤ እንደ ሁሉም ሰው ዝም አልኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ከኩፓት ሆሊም ክሊኒክ፣ ከሐኪሟ ዘንድ ስትመለስ፣ እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ሥር እጫወት ነበር።

«ምን አለችሽ?» አለ አባቴ።

«ጺሪም ናቸው አለች። ያለ ጊዜያቸው።»

«ጺሪም?»

«ጠዋት ሁለቴ መጡ። እዚያም እያለሁ መጡ።»

አያቴ ከሳሎን ጮኸች። «ማነው የመጣው? እንግዳ ነው? ቤቱ እንዲህ ተዝረክርኮ!»

«ማንም አልመጣም፣ እማዬ!»

«መጡ ስትይ ሰማሁ እኮ። ጺሪም የምትያቸው እነማን ናቸው? የጎረቤታችን የእነ ጋድ ዘመዶች ናቸው?»

ከጠረጴዛው ሥር የሁለቱ እግር ብቻ ነው የሚታየኝ። የእናቴ ጣቶች በነጠላ ጫማዋ ውስጥ ሲኮማተሩ አየሁ።

«ጺር ማለት የበር ማጠፊያ ነው፣ እማዬ» አለች። «የጂፑ በር ማጠፊያዎች ተበላሽተዋል። ጺሪም፣ ማጠፊያዎች።»

«ማጠፊያ ደግሞ ይመጣል?»

«ድምፁ ነው፣ እማማ» አለ አባቴ ፈጠን ብሎ። «ሲጢጥ የሚለው። እሱ ነው የሚመጣው።»

«እንግዲያማ ቅባት ቀቡት» አለች አያቴ።

ጺር የሚለውን ቃል የተማርኩት እንዲህ ነው። ዕብራይስጡን እንደ ውሃ ብጠጣውም ይህ ቃል በትምህርት ቤት ገና አላጋጠመኝም ነበር፤ እናቴ ራሷ ስትተረጉመው ደግሞ ማን ይጠራጠራል?

ዛሬ ነገሩ ይገባኛል። ጺሪም በዕብራይስጥ የበር ማጠፊያዎች ነው፤ ምጥም ጺሪም ነው። አንድ ቃል። እናቴን የያዛት ከጊዜው እጅግ የቀደመ ምጥ ነበር፤ ሕፃኑ ያን ሰሞን ቢወለድ ይተርፋል ብላ ሐኪሟ አፏን ሞልታ አልተናገረችም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ልጅ በዚሁ መንገድ አምልጦናል። ያን ጊዜ አያቴ እህል አልቀምስም ብላ ጾማ ጾማ፣ ራሷን ስታ ወድቃ ሆስፒታል ገብታ ነበር። እናቴ ይህን ዳግመኛ ማየት አልፈለገችም። ስለዚህ ሕመሟን አውጥታ ጂፑ በር ላይ ሰቀለችው።

በማግሥቱ ሁለተኛው ቃል መጣ። «ደመቀች ሽሚራ ላይ ናት» ይል ጀመር አባቴ በስልክ፤ ለምትሠራበት መዋዕለ ሕፃናት፣ ለዘመድ፣ ለጎረቤታችን ለጋድ። ሽሚራ ጥበቃ ነው። ይህንንስ አውቀዋለሁ፤ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ወንበሩን ተደግፎ የሚያዛጋው ሽማግሌ ሽሚራ ላይ ነው። የእናቴም ሶፋ ወደ በረንዳው ተጎተተ፤ መኪና ማቆሚያው ቁልቁል በሚታይበት በኩል ዞረ። ቀኑን ሙሉ በጎኗ ተኝታ ወደ ጂፑ ታያለች። ውሃ ለመቅዳት እንኳ እንድትነሳ አይፈቀድላትም። ጥበቃ እንዲህ ጥብቅ ሲሆን አይቼ አላውቅም። በዓይኔ ከፍ አለችብኝ። የሌላ ልጅ እናት ትሸጣለች፣ ትጠርጋለች፣ ታስተምራለች፤ የእኔ እናት የታመመ ጂፕ ትጠብቃለች።

ሽሚራ እርጉዝ ሴት ጽንሱ እንዳይወርድ የምትተኛው እረፍት መሆኑን የሚነግረኝ አልነበረም።

አያቴ ሳህኗን ይዛ ሶፋው አጠገብ ትቀመጥ ነበር። ያን ሰሞን ብዙ ትበላ ነበር። «ጨምሪልኝ» ትለኛለች፤ እጨምርላታለሁ፤ እናቴ እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይኗ ስትከተል አያለሁ። ሰው ሲያረጅ የሚርበው መስሎኝ ነበር።

ለመምህርቴ ለኦርታል ነገርኳት። «እናቴ ጺሪም አሏት» አልኩ በዕብራይስጥ፣ ጮክ ብዬ፣ ክፍል ውስጥ።

ኦርታል የያዘችው ጠመኔ ከእጇ ወደቀ። «አሁን? አባትሽ የት ነው ታዲያ?»

«አባ ጂፑ ሥር ነው።»

«ጂፑ ሥር ምን ያደርጋል?»

«ቅባት ቀብቷቸዋል። አሁን በመዶሻ መታ መታ እያደረጋቸው ነው።»

ጎንበስ ብላ አቀፈችኝ። ሰነበተችና ለእናቴ ኬክ ላከች። ለመኪና በር ኬክ የምትልክ መምህርት በከተማው ውስጥ የኔዋ ብቻ ናት ብዬ ኮራሁ።

እናቴ በየሁለት ቀኑ ሆስፒታል ለክትትል መሄድ ነበረባት። ሐኪሟ ደግሞ ጂፑ ላይ መውጣትን ከልክላለች፤ እግር ከፍ አድርጎ መሳብ የለም። አባቴ ተሸክሞ ሊያስገባት ሞከረ። አንዴ ብቻ።

«አውርደኝ! ሰፈሩ ሁሉ በመስኮት እያየ እንደ እህል ጆንያ?»

«ጆንያ እንዲህ አይጮህም እኮ» አላት አባቴ። ሳቋን ለመያዝ ስትል ሆዷን ያዘች። በዚያው ሳምንት መወጣጫ ገዝቶ መጣ።

ጥቁር ብረት ነው። አንዱ ጫፍ ከበሩ የታችኛው ማጠፊያ ብሎኖች ሥር ገብቶ ይታሰራል፤ ሌላው ከመኪናው ወለል በታች ይያያዛል፤ መርገጫው ወደ መሬት ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል። የማጠፊያውን ሁለት ብሎኖች መፍታት፣ ብረቱን ማስገባት፣ አብረውት በመጡት ረዘም ያሉ ብሎኖች መልሶ ማሰር። ሻጩ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ ነው ብሎታል።

ዓርብ ጠዋት ጀመሩ፤ አባቴና ጋድ። ጋድ ቤት ቀለም የሚቀባ፣ ሱዳን የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ተወልዶ ናታንያ ያደገ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። አባቴ በዕድሜ ስለሚበልጠው «አያ ይርሳው» ይለዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚሳደበውን ሁሉ ይሳደባል። እኔ በረንዳው ላይ ከእናቴ እግር ሥር ሆኜ አያለሁ።

የመጀመሪያው ብሎን ወጣ። ሁለተኛው እምቢ አለ። ፋብሪካው አስሮ ሲያበቃ በላዩ ቀለም ቀብቶበታል፤ ጥርሱ ላይም ሙጫ ነበረበት። አባቴ ባለ ኮከብ ቁልፉን አስገብቶ በሙሉ ክብደቱ ተኛበት። ቁልፉ አዳለጠ፤ የእጁ አንጓ በሩ ጠርዝ ላይ ተላጠ።

«ይርሳው! ደም ነው እንዴ?» አለች እናቴ ከላይ።

«ቀለም ነው!»

«ጂፑ ነጭ ነው እኮ!»

«አያ ይርሳው» አለ ጋድ «የላይኛውን ማጠፊያ ትንሽ እናላላለት። በሩ ይተንፍስ። ከዚያ ይሄም ይለቃል።»

አሁን ሳስበው ስህተቱ ይህ ነበር። በር የሚቆመው በማጠፊያዎቹ ነው፤ አንዱን ከፈታህ ሌላውን አትነካም። አባቴ ግን ያን ጊዜ ይህን አያውቅም ነበር፤ በቆርቆሮና በቱቦ እንጂ በመኪና በር አልሠራም። የላይኞቹን ብሎኖች አላሏቸው። በሩ አንድ ጊዜ ቋ! አለና ወደ ታች ዘመመ።

በዚያችው ቅጽበት እናቴ ከጎኔ ትንፋሿን ዋጠች። የሶፋውን ጠርዝ ጨበጠች፤ ከንፈሯ ነጣ።

«መጡ» አለች በቀስታ። ለማንም አልነበረም።

በሩና እናቴ በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው ማለት ነው። ማጠፊያው ሲላላ እሷን ያማታል። ድንጋጤ እንደሆነ፣ ወይም ምጡ በራሱ ሰዓት እንደመጣ ዛሬ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ከዚህ የበለጠ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር አልነበረም።

አያቴ የበረንዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ምን ያህል እንደቆየች እንጃ። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወርዳ፣ ጂፑ ዘንድ ደረሰች።

«ይርሳው፣ ልጄ፣ አትታገለው። አሙቀው።»

«እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እጅዎን ቅባት ይነካዎታል።»

«እኔ የባለእጅ ልጅ ነኝ። አባቴ ሲቀጠቅጥ ወናፉን የምነፋው እኔ ነበርሁ። አሙቀውና ቀስ ብለህ ነካ ነካ አድርገው።»

እናቴ ያን ጊዜ ቀለሟ ተመልሶ ነበር። «ኦሪት» አለችኝ «የፀጉር ማድረቂያዬን ስጫቸው።» ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድ ቀጥለን በበረንዳው ቁልቁል ለቀቅንላቸው። አባቴ ተንበርክኮ በሮዝ ማድረቂያ ብሎኑን ሲያሞቅ፣ የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር።

«ጥሩ ነው» አለ ጋድ ከብዙ ቆይታ በኋላ። «ብሎኑ አልተነቃነቀም፤ ግን ሠርግ ልትወስደው ትችላለህ።»

ይህን ብሎ ከራሱ መኪና የቀለም መላጫውን አመጣ፤ የድሮ ቀለም ከበር ላይ ሲልጥ የሚጠቀምበት፣ እሳት የመሰለ አየር የሚተፋ ነገር ነው። የተቃጠለ ቀለም ሽታ እስከ በረንዳው ወጣ። አባቴ ቁልፉን በመዶሻ ነካ ነካ አድርጎ ከጎረበጠው የብሎኑ ራስ ውስጥ አስገባ፤ በዝግታ ገፋ። ብሎኑ ጭራሽ እንደማይሆን ሆኖ ቆየና፣ እንደ ደረቅ ጣት ቀጭ ብሎ ዞረ።

ጋድ አያቴን ሊስማት ቀረበ። «ወግድ፣ ትሸታለህ» አለችው።

መወጣጫው ገባ። በሩ ግን አልዘጋም አለ፤ እንደዘመመ ነው፣ ምላሱ ከመያዣው በታች ይመታል። ጋድ በኃይል ሊያላትመው ሲል አባቴ እጁን ያዘው። ጂፑን ዞረ። ቁጢጥ ብሎ አየ። ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ እያዘነበለች ነበር፤ ሰንበት ሊገባ ነው፤ አያቴም በየጥቂቱ ሰማዩን ታያለች። እሱ ግን አልተጣደፈም። ከዚያን ቀን ወዲህ ብዙ ጎበዝ ሰዎች ሥራ ላይ አይቻለሁ፤ የተሳሳተውን ነገር እንዲያ ሳይቆጣ፣ ማንንም ሳይወቅስ የሚያይ ሰው ግን ጥቂት ነው የገጠመኝ።

«ሁሉንም አንድ ላይ ስላላላናቸው ነው» አለ በመጨረሻ። ፎጣ አጥፎ መኪና ማንሻውን ከበሩ ሥር አስቀመጠ። «ደመቄ! ከላይ ክፍተቱ ይታይሻል?»

«ይታየኛል!»

«መስመሩ እኩል ሲሆን ንገሪኝ።»

እናቴ በክርኗ ተደገፈች። «ከፍ... ትንሽ ከፍ... ኧረ አበዛኸው፣ ዝቅ! አሁን። አሁን እኩል ነው። ይርሳው፣ እንዳትነካው!»

አንዱን ብሎን አጠበቀ፤ ሁለተኛውን፤ ከዚያ የታችኞቹን። በሩን ከፈተ፣ በሁለት ጣት ገፋው። ጠቅ።

«ጠበቀ?» አለች እናቴ።

«ጠበቀ!»

አያቴ መዳፏን የበሩ ብረት ላይ አሳረፈች። «ይጠብቅልን» አለች። ስለ ብሎኑ የምትጸልይ መሰለኝ።

በማግሥቱ ሰንበት ነበር። አያቴ በሰንበት መብራት አትነካም፤ ስልክ ሲጮህ ጀርባዋን ትሰጣለች፤ መኪና የሚባል ነገር በዚያ ቀን የለም። ከምሳ በኋላ ቤቱ ጸጥ ባለበት እናቴ ከሶፋው ላይ ተጣራች።

«እማዬ... ጺሪም...»

«በየስንት ጊዜው ነው?» አለች አያቴ።

ምንድናቸው አላለችም። ይህን ያስተዋልኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

እናቴ መለሰችላት፤ አልሰማሁም። አያቴ ብድግ አለች። «ይርሳው! ጂፑን አስነሳ!»

አባቴ ባለበት ቆመ። «እማማ፣ ሰንበት...»

«ሰንበትን የሰጠን እሱ ያውቃል። አስነሳ።»

እኔን ታች ለእነ ጋድ ሊሰጡኝ ነበር፤ ተረሳሁና ከበረንዳው አየሁ። ሦስቱም ጂፑ ጋ ደረሱ። አያቴ እናቴን አስቁማ ራሷ ቀደመች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸክፋ፣ ከመሬት መወጣጫው ላይ ወጣች፤ በሁለት እግሯ ቆመችበት፤ አንዴ፣ ሁለቴ ክብደቷን ጣለችበት። ከዚያ ወደ ኋላ ወንበር ገባች። ማንም አልገፋትም። እናቴ ተከተለች። እጀታውን ያዘች፣ ረገጠች፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ማንም አላነሳትም። በሩ ጠቅ አለ።

ገረመኝ። ማጠፊያዎቹ ምን ያህል ቢታመሙ ነው አያቴ ሰንበትን ጥሳ ልትሞክራቸው የወረደችው? ባዶውን ሶፋ አየሁ። ጥበቃውን ማን ሊይዝ ነው? ወጥቼ በጎኔ ተኛሁበት፤ ጂፑ ቆሞበት የነበረውን ባዶ ቦታ እስኪመሽ ጠበቅሁ።

አባቴ ብቻውን ተመለሰ። ጉንጬን ሳመኝና «ጺሪሙ ቆሙ» አለኝ። ሮጬ ወረድኩ። በሩን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። እውነቱን ነው፣ ቆመዋል።

ሐኪሞቹ በመድኃኒት አስቆሙላት። እናቴ ሆስፒታሉ ውስጥ ሰነበተች፤ ኖአም ክረምቱ ሲያልፍ፣ ከፑሪም በዓል በኋላ፣ ወፍሮና ተቆጥቶ ተወለደ።

አስራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ አክስቴ ሙኒት ስልክ ደወለች። እናቴ ሰምታ «ሙኒትን ጺሪም ጀመሯት!» ብላ ጮኸች። «ሙኒት ጂፕ የላትም እኮ» አልኩ። እናቴ ስልኩን እንደያዘች አየችኝ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

አያቴን ግን የጠየቅኋት አድጌ ነው። «እማማ፣ ያን ጊዜ ጺሪም ምን እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

«ወገራ እያለሁ» አለችኝ «ከሰፈር ወጣ ባለችው የአራስ ጎጆ ስንት ሴት ጠብቄያለሁ። በር ሲጢጥ አለ ብላ ወገቧን የምትይዝ ሴት ግን አላየሁም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እናትሽ እኔ እንዳልሰማ ብላ ለፋች። ሰምቻለሁ ብላት እኔን ለማባበል ትነሳለች። መተኛት ነበረባታ። በር ነው ካለች በር ይሁን።» ከዚያም ጨመረች፤ «ሳይርበኝ ደግሞ በላሁ። ያን ክረምት እንዴት በላሁ! እያየችኝ።»

አያቴ ዛሬ የለችም። ጂፑ አለ፤ አባቴ ጡረታ ወጥቶ እንኳ አልሸጠውም። ባለፈው ኖአም ከጦሩ እረፍት ሲመጣ፣ ለአባቴ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ መወጣጫ ሊያስገባለት ገዝቶ መጣ። አሮጌውን ለመፍታት ከበሩ ሥር ተኛ። እኔ ከአባቴ አጠገብ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጫለሁ።

«አባ፣ ይሄን ማን ነው ያሠረው?» አለ ኖአም ላቡን እየጠረገ። «ቀለሙም ተቃጥሏል። አይፈታም!»

«ተወው» አለ አባቴ። «እሱ ነው ጠብቆ ያቆየህ።»

«ማ?» አለ ኖአም በዕብራይስጥ፣ «ምን?» ማለቱ ነው። አማርኛው ቀጭን ነው።

አባቴ አልደገመለትም። ኖአም ትከሻውን ነቅንቆ ተነሳ፤ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ በዚያ ትልቅ የወታደር ጫማው መወጣጫው ላይ ወጥቶ በሙሉ ክብደቱ ዘለለበት።

ሲጢጥ እንኳ አላለም።